መንገድ የምትሻገረው ሴት፤ በመድረካችንና በፊልማችን

የቴአትር ትርኢት ተፈጽሞ መጋረጃው ሲዘጋ ተመልካቹ ሁሉ በአንድ በር ይወጣል። በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ በአንድ ቀልድ የሣቀ፣ በአንድ ሐዘን የተከዘ ሕዝብ ነውና ወደ ቤቱም የሚሄደው በአንድ መንገድ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ወንዱ ተመልካች ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ ስለ ተዋንያኑ ብቃት ከጓደኛው ጋር ይከራከራል፤ ቢያሻው ቡና ይጠጣል፤ ቢያሻው በእግሩ እየተዝናና ይሄዳል። ሴቷ ተመልካች ግን የመጨረሻው ትዕይንት ከመጀመሩ በፊት ሰዓቷን አይታለች። ታክሲ የሚገኝበት ሥፍራ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መብራት ያለበት መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ በሰፈሯ መግቢያ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች በዚህ ሰዓት ይኖሩ እንደሆነ አስባለች። ስለዚህም የተውኔቱን ፍጻሜ ሁለቱም እኩል አላዩትም። እርሱ በሙሉ ልቡ አይቶታል፤ እርሷ ግማሽ ልቧን አስቀድማ ወደ መንገዱ ልካ አይታዋለች።

የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ይህ ወደ መንገድ የተላከ ግማሽ ልብ ነው። ሴቶች በአደባባይ፣ በጎዳናና በመጓጓዣ በወንዶች መካከል ሲያልፉ በየዕለቱ የሚያደርጉት ጥንቃቄ፣ ስሌትና ዝምታ በኪነጥበባችን ውስጥ እንዴት ተንጸባርቋል? ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ የሚያኮራ አይደለም። ተውኔታችን፣ ልብ ወለዳችንና ፊልማችን ጠለፋን ያውቃሉ፤ አስገድዶ መድፈርን ያውቃሉ፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለውን ለቅሶና ፍርድ ቤት ያውቃሉ። አደጋው ሳይደርስ፣ ምናልባትም ፈጽሞ ሳይደርስ፣ ሴቷ በየቀኑ የምትከፍለውን ዋጋ ግን እምብዛም አያውቁም። ያወቁት ሲመስል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ለማሣቂያነት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ተውኔት ጸሐፊ ነውና ከዚህ ጥፋት ነፃ አለመሆኑን ከወዲሁ መግለጽ ይገባዋል። ሂስ ግለ ሂስን ካልጨመረ ሐሜት ይሆናልና፣ በቦታው እንመለስበታለን።

ስለ ቃላቱ

ሥነ ጽሑፋዊ ሂስ ከቃላት ቢጀምር ይበጃል። መንገድ ላይ የማያውቋትን ሴት በንግግር፣ በፉጨት፣ እጅ በመያዝ ወይም በመከተል ማስቸገርን የከተማ ሰው «ለከፋ» ይለዋል። አድራጊው «ለካፊ» ነው። ቃሉ ዛሬ በብዙ ሰው ጆሮ ቀላል ነው፤ የወጣትነት ጨዋታ፣ «የልጅ ነገር» ሆኖ ይሰማል። ዳሩ ግን ከዚሁ ሥር የወጣውን «ልክፍት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ልክፍት ሰውን ባልጠበቀው ሥፍራ፣ በወንዝ ዳር፣ በቀትር ወይም በጨለማ ያገኘዋል ተብሎ የሚታመን ክፉ መንፈስ ወይም ደዌ ነው። የተለከፈ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው እንደ ወጣ ሆኖ አይደለም። ቋንቋችን የሁለቱን ቃላት ዝምድና ጠብቆ አቆይቶልናል፤ ነገሩን ቀልድ ያደረግነው እኛ ተናጋሪዎቹ ነን።

ሁለተኛው ቃል «ድፍረት» ነው። ድፍረት ለወንድ ሲነገር ምስጋና ነው፤ የጀግና ባሕርይ ነው። ለሴት ሲነገር በአብዛኛው ወቀሳ ነው፤ «ደፋር ናት» ማለት «ዓይኗን የማትሰብር፣ ሰው የማታፍር ናት» ማለት ይሆናል። ያው ግስ በሌላ በኩል የሴትን ገላ በኃይል መድፈርን ይገልጻል። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ወንዱ ይመሰገናል፣ ሴቷ ትወቀሳለች፣ ወንጀሉም ይሰየማል። ይህን ያስተዋለ አንድ ፊልም ቃሉን ለርእስነት መርጦታል፤ ወደ እርሱም እንመጣለን።

ሦስተኛው ቃል ሳይሆን ምክር ነው። እናት ሴት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ «ዝም ብለሽ እለፊ፤ ዞረሽ አትዪ፤ ቢጠሩሽ አትመልሺ» ትላታለች። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ተረት ይታከልበታል። ይህን ምክር በተውኔት ጸሐፊ ጆሮ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ምክሩ የመድረክ መመሪያ ነው። እንዴት እንደምትራመድ፣ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ፣ መቼ ቃል እንደማታወጣ ተወስኗል። ልጅቱ በሰባትና በስምንት ዓመቷ ይህን አጥንታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫወተው ትኖራለች። በዚያው ቤት ለሚያድገው ወንድሟ ግን «መንገድ ላይ የማታውቃትን ልጅ አትጥራ፤ አትከተል» የሚል መመሪያ የተሰጠበትን ቀን የሚያስታውስ አንባቢ ምን ያህል ይሆን?

ስለ ሣቁ

መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓመታት የደረሱት «ጠልፎ በኪሴ» የአማርኛ ኮሜዲ ከደረሰባቸው ከፍታዎች አንዱ ነው። ርእሱ እንደሚያመለክተው ነገሩ ጠለፋ ነው፤ ጠለፋውን የሚያውጠነጥኑት ግን ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ የከተማ ወጣቶች ናቸው። የደራሲው ሣቅ አድራሻ አለው። የሚያነጣጥረው አዲሱን ልብስ ለብሶ አሮጌውን ልማድ በኪሱ ይዞ በሚዞረው ምሁር ላይ ነው። አፉ ስለ ሥልጣኔ የሚናገር፣ እጁ ግን ወደ አያቱ ዘዴ የሚዘረጋ ወጣት በመድረኩ ላይ ራሱን አጋልጦ ይታያል። ይህ የኮሜዲ ትልቅ ተግባር ነው፤ ኃይለኛ የሚመስለውን አሣንሶ ማሳየት።

ችግሩ የመጣው ከወራሾቹ ነው። ከመንግሥቱ ለማ በኋላ የመጣነው ብዙዎቻችን ሣቁን ወረስን፤ አድራሻውን ግን ጣልነው። በእርሳቸው መድረክ መሣቂያው ጠላፊው ነበር። በእኛ መድረክ፣ በቴሌቪዥን ጭውውትና በኮሜዲ ፊልም ለካፊው ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ሆነ። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቀልዱ አያልቅበትም፤ ቃለ ተውኔቱ ሁሉ ለእርሱ ተሰጥቷል። የምትለከፈው ሴት ግን ቦርሳዋን ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ የምታልፍ ጥላ ናት። ብትመልስ «ምላሰኛ»፣ ባትመልስ «ኩራተኛ» ተብላ ትሣቃለች።

እዚህ ላይ የግል ጥፋቴን ላስቀምጥ። ከአሥር ዓመት በፊት በጻፍሁት አንድ አጭር ኮሜዲ ውስጥ ሁለት ሥራ ፈት ጎረምሶች ከሥራ የምትመለስን አንዲት ጸሐፊ መንገድ እየዘጉ ተራ በተራ የሚያሞግሱበትና የሚሰድቡበት ትዕይንት ነበረ። አዳራሹ በየምሽቱ በሣቅ ይናወጥ ነበር። እኔም ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ በሥራዬ እኮራ ነበር። ገጸ ባሕርይዋን ትጫወት የነበረችው ወጣት ተዋናይት በአንድ የልምምድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኔ ምን እያሰብሁ ነው የማልፈው?» ስትል ጠየቀችኝ። ማንኛውም ተዋናይ ለአዘጋጁ ሊያቀርበው የሚገባ የሙያ ጥያቄ ነው። ለሁለቱ ጎረምሶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ፤ ከየት እንደመጡ፣ ለምን ሥራ እንዳጡ፣ ማን ከማን እንደሚቀና አውቅ ነበር። ለእርሷ ግን መልስ አልነበረኝም። «ዝም ብለሽ እለፊ» አልኋት። የእናቷን ምክር መልሼ ሰጠኋት ማለት ነው። በዚያው ምሽት ትርኢቱ ሲያበቃ ከቴአትር ቤቱ ሠራተኞች አንዱ እስከ ታክሲው ድረስ እንዲሸኛት ስትለምን ሰማሁ። በመድረኩ ላይ ያሣቀን ነገር ከደጃፉ ውጪ ይጠብቃት እንደነበረ የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከኮሜዲው የማይተናነስ ጥፋት በፍቅር ታሪኮቻችን ላይ ይታያል። ሥራዎቹን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ትልሙ የታወቀ ነውና። ወጣቱ መንገድ ላይ ያያታል፤ ይከተላታል፤ እምቢ ትላለች፤ ቤቷን ያጠናል፤ መሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ይቆማል፤ እንደገና እምቢ ትላለች፤ በመጨረሻም «ጽናቱ» ልቧን ያሸንፋል። ተደራሲው ከዚህ የሚማረው እምቢታ የመጀመሪያው ምዕራፍ እንጂ መልስ አለመሆኑን ነው። እስቲ ያንኑ ትልም ከሴቷ ወገን ሆነን እንጻፈው። የማታውቀው ሰው ቤቷን አውቋል። የምትወጣበትን ሰዓት አጥንቷል። ሁለት ጊዜ እምቢ ብትለውም አልሄደም። የታሪኩ ዘውግ ወዲያውኑ ይለወጣል፤ የፍቅር ታሪክ የነበረው የሥጋት ታሪክ ይሆናል። አንድም ድርጊት አልተጨመረም፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ብቻ ነው።

ፈረሱና ሚኒባሱ

በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ የሚሰጠው ሥራ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የቀረበው «ድፍረት» የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ነው። አዘጋጁ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በአሜሪካው የሰንዳንስና በጀርመኑ የበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በ1980ዎቹ መገባደጃ በእውነት ከተፈጸመ ድርጊት የተነሣ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። ጠበቃዋ የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ የእርሷን ሚና ሜሮን ጌትነት ተጫውታዋለች።

የፊልሙ ትልቁ ብቃት ነገሩን ከመንገድ መጀመሩ ነው። ሂሩት የተባለችውን ባለታሪክ የምናገኛት ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ቀኑ የደስታ ቀን ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሰማዩም ክፍት ነው። ፈረሰኞቹ ሲመጡ ያ ሰፊ ሜዳ መደበቂያ የሌለው ወጥመድ ይሆናል። ትምህርት ለሴት ልጅ አስፈላጊ ነው ሲባል በመፈክርም በመጽሐፍም ስንሰማ ኖረናል። ነገር ግን በትምህርት ቤቱና በቤቱ መካከል መንገድ አለ። ፊልሙ ዓይናችንን በዚያ መንገድ ላይ አሳርፎታል። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ የሚታይበት ክፍልም እንዲሁ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሽማግሌዎቹ ጭራቆች ሆነው አልተሳሉም፤ በወግ ይናገራሉ፤ በሥርዓት ይደማመጣሉ። የሚያስደነግጠው ነገር ክፋታቸው ሳይሆን በዚያ ሁሉ ጨዋነት መካከል ስለ እርሷ ሲመከር እርሷ አለመኖሯ ነው።

ጉድለቱም ከብቃቱ ጎን ይታያል። በፊልሙ ውስጥ ፍርሃት የሚጀምረው ፈረሰኞቹ ሲመጡ ነው። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ንጹሕና ሥጋት የሌለበት ነው። በእውነቱ ግን ጠለፋ ባለበት አገር ያደገች ልጅ ስለ ጠለፋ የምትሰማው ከመጠለፏ በፊት ነው። ከጓደኞቿ ጋር ተጠባብቃ ትወጣለች፤ ገበያ በሚውልበት ቀን ሌላ መንገድ ትመርጣለች፤ ከሩቅ የሚመጣ ፈረስ ስታይ ማን እንደሆነ ለመለየት ትሞክራለች። ይህ ዕውቀት በፊልሙ ውስጥ የለም። አደጋው እንደ መብረቅ ከሰማይ ስለወረደ ተመልካቹ ክፉዎቹን ለይቶ ያወግዛል፤ ነገሩ ግን መብረቅ አልነበረም፤ ልጅቱ በየቀኑ ደመናውን እያየች የምትኖርበት የአየር ጠባይ ነበር። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ይገባል፤ የመንገዱንም ጥያቄ እዚያው ሜዳ ላይ ትቶት ይሄዳል።

የፍርድ ቤቱ ክፍል ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ድርጊቱ በተፈጸመ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለጠላፊው አንድ ማምለጫ በር ነበረው፤ የተጠለፈችውን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቷል፤ ለጋብቻ ተብሎ የሚፈጸም ጠለፋም ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ ደንግጓል። ሕጉ ተለውጧል፤ ለውጡም በብዙ ሴቶች ትግል የመጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል። ሆኖም ከሥራ ቦታው በር እስከ ቤት ደጃፍ ያለው መንገድ በዋነኛነት አሁንም በባህል ይተዳደራል። በባህል ላይ የሚሠራው ደግሞ ከያኒው ነው።

ከፊልሙ ውጪ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች የፊልሙን ጥያቄ አጉልተውታል። የመጀመሪያው፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች በተሰበሰበበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱ ነው። ታሪኩ የተወሰደባት ሴት መብቷ እንዳልተጠበቀ አመልክታ ነበር። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ስለ ክርክሩ ፍርድ መስጠት የሂስ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ስለ ሴቶች መደፈር የምንጽፍ ሁሉ ልናስታውሰው የሚገባ ትምህርት አለው፤ በመንገዷ ላይ ፈቃዷ ያልተጠየቀ ሴት በታሪኳም ላይ ፈቃዷ ሊጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው እጅግ መራራ ነው። ፊልሙ ከታገደበት ምሽት በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በዚያችው አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ተጠልፋ፣ በቡድን በደረሰባት ጥቃት ምክንያት ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ጠለፋ የገጠር ነው፣ የድሮ ነው፣ የፈረስና የጠመንጃ ነው ብለን የምናስብ የከተማ ሰዎች ፈረሱ ወደ ሚኒባስ ተለውጦ አገኘነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ እናቶች በልጆቻቸው የመድረክ መመሪያ ላይ አዲስ መስመር ጨመሩ፤ «ባዶ ታክሲ ውስጥ አትግቢ፤ ውስጥ ሴት ካለች አይተሽ ግቢ»። ኪነጥበባችን ግን ይህን አዲስ መስመር እስከ ዛሬ በሚገባ አልሰማውም።

ባለቤት

በፊልሙ ባለታሪክ ስም ላይ ጥቂት እንቆይ። በ1957 ዓ.ም. የታየውና ከአማርኛ ረዥም ፊልሞች ቀዳሚ የሆነው ሥራ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይላል። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሚለያያቸው ሁለት ፊልሞች ሂሩት የሚል ስም ያላትን ሴት ባለታሪክ አድርገዋል። የፊተኛው ርእስ ጥያቄ ግን ሊጤን ይገባዋል። ሴቷን ለማወቅ የሚጠየቀው ስለ እርሷ አይደለም፤ ስለ አባቷ ነው።

ይህ ጥያቄ የርእስ ብቻ አይደለም፤ የመንገዱ ሕግ ነው። በቋንቋችን የትዳር ጓደኛም የንብረት ጌታም «ባለቤት» ይባላል። በመንገድ ላይ ለካፊውን «አልፈልግም» ብሎ ማሰናበት የሚከብዳትን ያህል «ባለቤት አለኝ» ማለት ይቀላታል። ያላገባችው ልጅ ሳይቀር ቀለበት ገዝታ ታጠልቃለች፤ በስልክ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገር መስላ ትራመዳለች። ለካፊው ቃሏን አያከብርም፤ የሌላውን ወንድ ድርሻ ግን ያከብራል። ሊያስቆመው የሚሞክር ደግ አላፊ አግዳሚ እንኳ «እናት እኅት የለህም ወይ?» ብሎ ይገሥጸዋል። ተግሣጹ መልካም ነው፤ ብዙ ሴቶችንም አድኗል። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ሴቷን የሚያስከብራት የአንድ ወንድ እናት ወይም እኅት ልትሆን ስለምትችል እንጂ በራሷ መንገደኛ ስለሆነች አይደለም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን የባለቤትነት ደኅንነት እስከ መጨረሻው ገፍቶ አሳይቶናል። ሰብለ ወንጌል በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ውስጥ ሳለች የውጪ ሰው አይደፍራትም። ነገር ግን ከሌሎች ወንዶች የሚጠብቃት አጥር ከሕይወትም ይጠብቃታል፤ ለእርሷ የሚመጥን ባል ጠፋ እየተባለ ዕድሜዋ ያልፋል። ደራሲው ግቢውን ደኅና ሥፍራ አድርገው አላቀረቡትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የተጠበቀች ሴትና ነፃ ሴት አንድ እንዳልሆኑ ከነገረን በኋላ፣ እኛ ዛሬም በፊልሞቻችን የሴቷን ችግር የምንፈታው ጠባቂ ወንድ በማምጣት ነው። ጎረምሶች ያስቸግሯታል፤ ጀግናው ደርሶ ይደበድባቸዋል፤ እርሷም የእርሱ ትሆናለች። ባለቤት ተለወጠ እንጂ መንገዱ አልተለወጠም።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። «አብዛኛው ወንድ ጨዋ ነው፤ ይህ ሁሉ ፍርሃት የተጋነነ አይደለምን?» ይባላል። አብዛኛው ወንድ ጥቃት እንደማይፈጽም እናምናለን። ይሁንና ከኋላዋ የሚሰማው ኮቴ የማን እንደሆነ ሴቷ በምን ታውቃለች? ጨዋውና ጨዋ ያልሆነው በጨለማ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው። የምትጠነቀቀው ሁሉም ክፉ ነው ብላ ሳይሆን ለይታ ለማወቅ የሚያስከፍላት ዋጋ ከባድ ስለሆነ ነው። ሰላምታውን ሳትመልስ ብታልፍ «ኩራተኛ» ብሎ የሚቀየመው ጨዋ ሰው ይህን ቢረዳ ቅያሜው ወደ ሌላ አድራሻ ይሄድ ነበር።

ምን ይደረግ?

ለከያንያን የሚቀርበው የመጀመሪያው ሐሳብ የዓይን ጉዳይ ነው። በመንገድ ላይ የሚፈጸምን ትዕይንት ስንጽፍ ዝም ብላ የምታልፈው ሴት ምን እንደምታስብ ሳናውቅ ብዕራችንን አናንሣ። ዝምታዋ ባዶ አይደለም። በዚያች ሃያ እርምጃ ውስጥ ስንት ሰው እንደቆመ ቆጥራለች፤ ክፍት ሱቅ ፈልጋለች፤ ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛለች፤ መልስ ብትሰጥና ባትሰጥ የሚከተለውን መዝናለች። አንድ ሙሉ ተውኔት በዚህ ዝምታ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው የተመልካቹ፣ ማለት በድርጊቱ ቦታ ያለው የሦስተኛው ሰው ጉዳይ ነው። በታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ ስትቸገር አሥራ አንድ ሰው በመስኮት ወደ ውጪ ያያል። ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል። አንዲት እማማ ብቻ «ተው እንጂ አንተ ልጅ!» ይላሉ። በመድረካችን ላይ አጥቂና ተጠቂ ሞልተዋል፤ በመስኮት ወደ ውጪ የሚያየው ተሳፋሪ ግን ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልተጻፈም። እርሱ ደግሞ አዳራሹን የሚሞላው ተመልካች ራሱ ነው።

ሦስተኛው ለሠዓልያንና ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የተወደዱ የሥዕል ርእስ ሆነው ኖረዋል። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም በትክክል ተስሏል። በቡድን የሚወርዱት ለጨዋታ ብቻ አለመሆኑን፣ ጫካውን ብቻቸውን የማያቋርጡበት ምክንያት እንዳላቸው የሚናገር ሥዕል ግን ማየት እንፈልጋለን።

ለመምህራን የምናቀርበው ቀላል መልመጃ ነው። በድርሰት ክፍለ ጊዜ ወንዶችም ሴቶችም ተማሪዎች «ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት እንዴት መጣሁ?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ስም ሳይጠራም ይነበብ። በአንድ ጎዳና የመጡ ልጆች ሁለት የተለያየ መንገድ እንደጻፉ ክፍሉ ራሱ ያገኘዋል። በባህል ዘርፍ ኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ የማታ ትርኢትና የልምምድ ሰዓት ሲወስኑ የሴት ተዋንያንንና የሴት ተመልካቾችን የመመለሻ መንገድ በዕቅዳቸው ውስጥ ያስገቡ። ለጌጥ መብራት የሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ከበሩ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ላለው መንገድ ቢውል ሴቶች ወደ ቴአትር ቤት አይመጡም የሚለው ቅሬታ በከፊል መልስ ባገኘ ነበር።

የጥፋቴን ታሪክ ሳልፈጽመው አልተወውም። ያን አጭር ኮሜዲ ባለፈው ዓመት ከሌላ ቡድን ጋር እንደገና ለማቅረብ ዕድል አግኝቼ ነበር። የሁለቱን ጎረምሶች አንድም ቃል አልሰረዝሁም። ያደረግሁት ጎረምሶቹን ከመድረኩ አውጥቼ ድምፃቸው ብቻ ከተመልካቹ ጀርባ እንዲሰማ፣ በመድረኩ ላይ ሴቷ ብቻዋን እንድትታይ ነው። አዲሷ ተዋናይት «ምን እያሰብሁ ነው የማልፈው?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ በዚህ ጊዜ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የነገረችኝንም ጻፍሁት። በመጀመሪያው ምሽት ከበስተኋላ አንድ ሰው ሣቀ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሰዎች ዞረው ሲያዩ ሣቁን አቋረጠው። ቀልዶቹ ያው ነበሩ። አዳራሹ ግን ሴቷ መንገዱን ተሻግራ እስክትጨርስ ድረስ ጸጥ ብሎ ጠበቃት።